መኪናዋ ትሳፈር ወይስ ትሸጥ?

ሃያና ሠላሳ ዓመት በሰው አገር ኖሮ፣ ልጆቹን አስተምሮ፣ «ከእንግዲህስ አገሬ ልግባ» የሚል ወገን በዶራቪልና በዙሪያዋ ዛሬም አለ፣ ነገም አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ውሳኔውን ለወዳጆቹ በነገረ ዕለት፣ ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «መኪናህንስ ምን ልታደርጋት ነው?» ቤቱ ይሸጣል ወይም ይከራያል። ሶፋው ለዘመድ ይሰጣል። መጻሕፍቱ በካርቶን ይታሸጋሉ። መኪናዋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ዐዋቂ ይሆናል። አንዱ «ጫናት፤ እዚያ በሦስት እጥፍ ትሸጣታለህ» ይላል። ሌላው «የአጎቴ ልጅ ጭኖ ከስሯል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ጅቡቲ ሰው እንዳለው፣ አንድ ስልክ ብቻ እንደሚበቃ ይምላል።

ጉዳዩ የአንድ ቆርቆሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው እዚያው ቡናው ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ተመላሹ ሰው ለማጓጓዣ፣ ለቀረጥና ለትራንዚተር የሚያወጣው ገንዘብ ትርፍ ገንዘብ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት የቤት ኪራይ፣ የሕክምና መጠባበቂያ፣ ለትንሽ ሥራ መነሻ የሚሆነው እሱው ነው። እሱ ወደብ ላይ ከቀለጠ ሰውዬው ወገኑን ሊረዳ የገባ ሳይሆን በወገኑ ላይ የወደቀ ይሆናል። ስለዚህ አቋምን ከመነሻው መናገር ይሻላል፦ ዛሬ ባለው ሁኔታ ከአትላንታ ጠቅልሎ ወደ ኢትዮጵያ ለሚገባ ለብዙው ሰው ትክክለኛው መንገድ መኪናዋን እዚሁ ሸጦ ገንዘቡን ይዞ መግባት ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነና እነማንን እንደማይመለከት ከዚህ በታች ይታያል።

መኪና ለአትላንታ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ይህ ሁሉ ጭንቀት ላይገባው ይችላል። የማርታ ባቡር ወደዚህ አቅጣጫ የሚያደርሰው እስከ ዶራቪል ጣቢያ ብቻ ነው፤ ጣቢያው በ1992 ከተከፈተ ወዲህ መስመሩ ከዚያ አላለፈም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ ሁሉ፣ ሥራውም ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ለቅሶውም ሠርጉም፣ በጎማ ነው የሚደረስበት። ዶራቪል ራሷ የመኪና ልጅ ናት። ጄኔራል ሞተርስ የመገጣጠሚያ ፋብሪካውን እዚህ የከፈተው በ1947 ነው። ስልሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በ2008 መስከረም ወር ዘጋው፤ ቦታው ዛሬ የፊልም ስቱዲዮ ሆኗል። ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኛው ከመኪናው ጋር ምን ያህል እንደተዋደደ የጠየቀ የለም። ሒሳቡ ታየ፤ አላዋጣም ተባለ፤ ተዘጋ። መኪና በሠሪዋ ዘንድ የሒሳብ ጉዳይ ናት። በነጂዋ ዘንድ ግን የፍቅር ጉዳይ ትሆናለች።

ለስደተኛው ደግሞ ከፍቅርም ያልፋል። የመጀመሪያዋ መኪና በስንት የሌሊት ፈረቃ እንደተገዛች እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ወደ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲያመላልስባት የኖረ ሰው መኪናዋን የሥራ ባልደረባው ያደርጋታል። የሞተሯን ድምፅ ያውቃል፤ ዘይቷን በሰዓቱ ቀይሯል፤ ዕዳዋን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ከፍሏል። «እኔ የያዝኳትን መኪና ለማላውቀው ሰው በርካሽ ሰጥቼ፣ እዚያ የማላውቀውን መኪና በውድ ልግዛ?» ቢል አይፈረድበትም። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ከሞተሯ ድምፅ አይገኝም።

ባሕር ተሻግሮ የሚዛወር ሰው ሁሉ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ከጆርጂያ ወደ ሃዋይ የሚዛወር አሜሪካዊ መኪናውን እስከ ምዕራብ ጠረፍ በየብስ፣ ከዚያ በመርከብ ሊልክ ይችላል። እሱ ግን የሚሄደው ከአገሩ ወደ አገሩ ነው። ገንዘቡ ያው ነው፤ የጉምሩክ ቀረጥ የለበትም፤ መለዋወጫውም እዚያ አለ። ማጓጓዣው ስንት፣ እዚያ መግዛት ስንት ብሎ ሁለቱን ካነጻጸረ ሒሳቡ በግማሽ ገጽ ያልቃል። ሌሎች ደሴቶች እንዲህ አይቀሉም። ቤርሙዳ ለአንድ ቤት ከአንድ መኪና በላይ አትፈቅድም፤ የመኪናውንም መጠን በሕግ ወስናለች። ሲንጋፖር ውስጥ መኪና ለመያዝ የሚሻ ሰው መጀመሪያ የአሥር ዓመት ፈቃድ በጨረታ መግዛት ግዴታው ነው። መሬታቸው ጠባብ፣ ነዳጃቸው ከውጭ የሚመጣ አገሮች መኪናን የሚያስገቡት እየመዘኑ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1891 ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ አገራቸውን በደሴት መስለዋት ነበር። እሳቸው የተናገሩት ስለ ሃይማኖትና ስለ ድንበር ነው። ለመኪና ግን ምሳሌው ዛሬም ይሠራል። ኤርትራ በ1993 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር በር የላትም። በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ በአሰብ በኩል የነበረው መንገድ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ እጅግ የሚበዛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ደሴት የሚገባ ዕቃ ባሕሩን ብቻ ይሻገራል። ኢትዮጵያ የሚገባው ግን ባሕሩንም፣ የሌላ መንግሥት ወደብንም፣ በረሃውንም ይሻገራል። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ደግሞ እጁን የዘረጋ ከፋይ የሚጠብቅ አለ።

የትናንቱ ሒሳብ

«ጫናት» የሚሉት ሰዎች እንዲያው ከመሬት ተነሥተው አይደለም። አዲስ አበባ ላይ መኪና ከአሜሪካ ይልቅ እጅግ ውድ ሆና ኖራለች። እዚህ ከሱቅ በወጣች ዕለት ዋጋዋ የሚወድቀው መኪና እዚያ እንደ ቤትና እንደ ወርቅ የሀብት ማስቀመጫ ነበረች። ሰው ዐሥር ዓመት ነድቷት ከገዛበት በላይ ይሸጣት ነበር። በዚያ ላይ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ለመኖር የሚመለስ ኢትዮጵያዊ መኪና ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገባ ይፈቀድለት ነበር። መብቱ የንግድ መንገድ መሆን ሲጀምር ግን መንግሥት አነሣው። በዚያን ጊዜ ጭኖ የተጠቀመ ሰው ዛሬም ቡና ላይ ታሪኩን ይናገራል፤ ታሪኩም እውነት ነው። ችግሩ ምክር እንደ ወተት ካርቶን የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበት መሆኑ ነው። ያ ምክር ቀኑ አልፎበታል።

ምን ተለወጠ?

አንደኛው ለውጥ በ2020 መጣ። በዚያ ዓመት የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ዒላማ አደረገ። መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲጨምር ተደረገ፤ ከሁሉ ላረጁት እስከ 500 ከመቶ ደረሰ። የአዋጁ ሐሳብ አሮጌ መኪና ወደ አገር እንዳይጎርፍ ማድረግ ነበር። ለስደተኛው ግን ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ለዓመታት በፍቅር የያዛት መኪና በጉምሩክ ዓይን ሸክም ሆነች።

ሁለተኛው ለውጥ ከዚህም የከበደ ነው። በ2024 ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ተናገሩ። የተሰጠው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው፤ አገሪቱ በአንድ ዓመት ለነዳጅ ወደ ስድስት ቢሊዮን ዶላር እንዳወጣችና ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለተሽከርካሪ እንደሚውል ተገልጿል። ካምሪም ሆነች ሃይላንደር፣ በቤንዚን የምትሄድ የቤት መኪና በዚህ ውሳኔ ደጅ ቀረች። ከዚያ በፊት የነበረው ጥያቄ «ቀረጧ ስንት ይሆናል?» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን «በሩ ክፍት ነው ወይ?» ሆነ።

ሰው ስለ ክልከላው የየራሱን አስተያየት ሊይዝ ይችላል። ነዳጅ ለመግዛት ዶላር የሚያጥራት አገር የነዳጅ መኪና መቀነሷ ትክክል ነው የሚል አለ። የከተማው ሀብታም ኤሌክትሪክ ሲነዳ ድኻው አሮጌዋን መኪና በእጥፍ ዋጋ ይግዛ ማለት ነው የሚልም አለ። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አላቸው። ከሁለቱም በላይ ግን ሊነሣ የሚገባው ሌላ ጉዳይ ነው፦ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወጣ መርከብ ላይ ያለ ንብረት፣ ጅቡቲ የደረሰ ንብረት፣ እዚህ ወደብ ላይ ተራ የያዘ ንብረት ምን እንደሚሆን በዚያው ቀን በጽሑፍ ሊነገር ይገባል። አገር ቤት ያለው ነጋዴ በማግስቱ ቢሮ ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል። አትላንታ ያለው ስደተኛ ግን የሚሰማው ከሰው አፍ ነው።

ሦስተኛው ለውጥ የብሩ ነው። በ2024 ሐምሌ መጨረሻ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። ቀድሞ በባንክ ከ57 ብር ብዙም የማያልፈው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ፤ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ። ይህ ለተመላሹ ሁለት ነገር ማለት ነው። በዶላር የተገመተች መኪና ላይ የሚጣለው ቀረጥ በብር ሲቆጠር አበጠ። በሌላ በኩል በእጅ ያለ ዶላር፣ በሕጋዊ መንገድ በባንክ የገባ ዶላር፣ ከቀድሞው ብዙ ብር ያመጣል። የአገር ቤት የዕቃ ዋጋም አብሮ ወጥቷል፤ ይህ አይካድም። ቢሆንም ገንዘብ የያዘ ሰው ዋጋውን አይቶ መወሰን ይችላል። መኪናው ወደብ ላይ የቆመበት ሰው ግን የተጠየቀውን ከመክፈል በቀር ምርጫ የለውም።

«እንግዲያው የኤሌክትሪክ ልጫን?»

አንዳንዱ ብልህ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። «የተከለከለው ቤንዚኑ ከሆነ ኤሌክትሪኳን ገዝቼ ልጫናት» ይላል። ሐሳቡ ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ጆርጂያ ራሷ የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ሆናለች፤ ሃዩንዳይ ከሳቫና ብዙ ሳይርቅ ኤላቤል በምትባል ቦታ በሠራው ፋብሪካ ከ2024 ጥቅምት ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ያመርታል። ኢትዮጵያም በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ባወጣው ውሳኔ የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጋ፣ ተገጣጥሞ በሚገባው ላይ 15 ከመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀርታ ነበር። እንዲህ ያለ ማበረታቻ ግን በየበጀት ዓመቱ ሊከለስ የሚችል ነገር ስለሆነ፣ በሚጫንበት ሳምንት የጸናውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። የታላቁ ህዳሴ ግድብ በ2025 መስከረም ተመርቋል፤ ኃይሉ ከአምስት ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ነው። ታዲያ ምን ቀረ?

የቀረው መሰኪያው ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች የኤሌክትሪክ መኪና የምትሞላበት መሰኪያ የአሜሪካ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ስለሆኑ ፈጣኑ ቻርጀርም ለእነሱ የተሠራው ነው፤ ሁለቱ አይገጥሙም። ቤት ውስጥ በ220 ቮልት በመለወጫ እያደረጉ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ መሙላት ይቻል ይሆናል። ከከተማ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ወይም ሐዋሳ ለመድረስ ለሚያስብ ግን ይህ አይበቃም። ግድብ መገንባትና በየመንገዱ ቻርጀር መትከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

መለዋወጫውስ? የቶዮታ ኮሮላ ዕቃ የጠፋበት ሰው ሶማሌ ተራ ሄዶ ተከራክሮ ያገኛል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ መኪና ዕቃ ግን እዚያ የለም። ባትሪዋ ቢታመም፣ ኮምፒዩተሯ ቢዘጋ፣ እዚህ የተሰጠው የፋብሪካ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ባሕር አይሻገርም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚፈልግ ተመላሽ እዚያው ደርሶ፣ ሰው የሚነዳውን አይቶ፣ ጋራዥ ጠይቆ፣ መሰኪያዋና መለዋወጫዋ ያለላትን ቢገዛ ይሻለዋል። ከዚህ ጭኖ የሚሄደው መኪናዋን ብቻ አይደለም፤ ችግሯንም ጭምር ነው።

መንገዱና ወረቀቱ

እንበልና በሩ ክፍት ሆነ። መንገዱ ምን ይመስላል? ከዶራቪል ሳቫና ወደብ የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ በኮንቴይነር የሚጫን መኪና የሚሄደው በዚያ ነው። መኪና እየተነዳ የሚገባበት መርከብ የሚነሣው ደግሞ ከብራንስዊክ ሲሆን፣ እሱ ከሳቫናም ይርቃል። የአሜሪካ ጉምሩክ ያገለገለ መኪና ከአገር ሲወጣ የባለቤትነት ወረቀቱን (ታይትሉን) እና መኪናዋን ከመጫኗ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት ቀርበው ማየት ይፈልጋል። የባንክ ዕዳ ያለባት መኪና ከሆነች አበዳሪው በጽሑፍ ካልፈቀደ አትወጣም። ዕዳ ሳይጨርስ «እዚያ ሸጬ እከፍላለሁ» የሚል ሰው ካለ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ከዚያ ባሕሩ አለ። በ2023 መጨረሻ በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት ከተጀመረ ወዲህ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች ስዌዝን ትተው አፍሪካን በደቡብ መዞር ጀምረው ነበር፤ ጊዜውም ወጪውም ረዘመ። ጅቡቲ ደግሞ ያለችው በዚያው በባብ ኤል መንደብ ደጃፍ ላይ ነው። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም እስከ ቃሊቲ ያለው የበረሃ መንገድ ይቀጥላል። ከዚያ ትራንዚተሩ፣ ግምቱ፣ ምርመራው፣ ታርጋው፣ ሊብሬው፣ ቦሎው። አንዲት ወረቀት ከጎደለች መኪናዋ ትቆማለች። የቆመ ዕቃ ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም፤ የመጋዘን ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል። ባለቤቷ አዲስ አበባ ገብቶ በዘመድ መኪና እየተንቀሳቀሰ «መኪናዬ እየመጣች ነው» ሲል የሚከርምበት ጊዜ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው መኪናዋ በተገዛችበት ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ወጪም ተደምሮ ነው። ለምሳሌ ያህል መኪናዋ 12 ሺህ ዶላር ብትገመት፣ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ 3 ሺህ ቢሆን፣ ቀረጡ የሚነሣው ከ15 ሺህ ነው። ከአንድ በላይ ታክስ በሚከፈልበት ዕቃ ላይ ደግሞ አንዱ ታክስ በሌላው ላይ ተደምሮ ይሰላል። 30 ከመቶና 15 ከመቶ ተደምረው 45 ከመቶ ይሆናሉ ብሎ በልቡ ያሰበ ሰው ደረሰኙ ሲመጣ ይደነግጣል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ወስዶ ሁለት ዐምድ መሥራት ነው። በአንዱ ዐምድ መኪናዋ ዛሬ እዚህ ብትሸጥ የምታመጣው ዋጋ ይጻፍ። በሌላው ዐምድ ማጓጓዣ፣ ኢንሹራንስ፣ የጅቡቲ ወጪ፣ የየብስ ጭነት፣ ቀረጥና ታክስ፣ ትራንዚተር፣ የመጋዘን ኪራይ ይጻፍ፤ በዚያ ላይ እዚህ ሳትሸጥ በመቅረቷ የቀረው ገንዘብም ወጪ ነውና ይደመር። ሁለተኛው ዐምድ እዚያ ተመሳሳይ መኪና ከሚገዛበት ዋጋ ካለፈ ነገሩ አልቋል። ባያልፍ እንኳ ገንዘቡ ስንት ወር ታስሮ እንደሚቆይ መጠየቅ ይገባል። ገንዘቡ ታስሮ የሚቆየው ሰውዬው ከሁሉ ይበልጥ በሚፈልገው ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

የማይወራው ኪሳራ

ሒሳቡ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ሰው ለምን ይጭናል? መልሱ ከሒሳብ ውጪ ነው። «ስንት ዓመት አሜሪካ ኖሮ ባዶ እጁን ገባ» የሚለው አነጋገር ያስፈራል። መንደሩ የሚያየው የጡረታውን ሒሳብ አይደለም፤ ያስተማራቸውን ልጆች ዲግሪም አይደለም፤ በር ላይ የቆመችውን መኪና ነው። መኪናዋ የስደቱ ደረሰኝ ትሆናለች። ይህን የሚያደርገው መንደሩ ብቻ አይደለም። እዚህ ያለው ማኅበረሰብም ተባባሪ ነው። አንድ ሰው ሊመለስ ሲል ስለ ጤናው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ከመጠየቅ ይልቅ ምን ጭኖ እንደሚሄድ ይጠየቃል።

ሌላው ደግሞ ዝምታው ነው። ጭኖ የተጠቀመ ሰው ይናገራል፤ ጭኖ የከሰረ ሰው ዝም ይላል። ያፍራል። «አላወቀም» መባልን ይፈራል። እንዲህ እየሆነ የሚቀጥለው ሰው የሚሰማው የአሸናፊዎችን ወሬ ብቻ ይሆናል። አንዱ በገባበት ጉድጓድ ሌላውም ይገባበታል። የእድር ገንዘብ በአንድ ሰው ሞት ጊዜ በሰዓታት ውስጥ የሚሰበስብ ወገን፣ አንድ ሰው የዓመታት ቁጠባውን ወደብ ላይ ሲያጣ የሚሰማው ከዓመት በኋላ በሹክሹክታ መሆኑ ያሳዝናል።

መጫን ጭራሽ ስህተት ነው ማለት አይደለም። መኪናዋ የሥራ መሣሪያ የሆነችለት፣ ከጉምሩክ ኮሚሽን ወይም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃዱን በጽሑፍ የያዘ፣ ቀረጡን አስቀድሞ አስልቶ የከፈለና መለዋወጫ የሚያመጣበት መንገድ ያለው ሰው ሊጭን ይችላል። ቁም ነገሩ «በጽሑፍ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የዘመድ ስልክ ጽሑፍ አይደለም። የደላላ መሐላም ጽሑፍ አይደለም። የሚጭነውም ድርጅት የአሜሪካ ፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ፈቃድ ያለው መሆኑን ማየት የማንኛውም ሰው መብት ነው፤ ዝርዝሩ ለሕዝብ ክፍት ነው።

የሚሸጥ ሰው ደግሞ በጊዜ ይሽጥ። ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ የሚሸጥ መኪና በገዢው ዋጋ ነው የሚሄደው። በጆርጂያ ታርጋው የሻጩ ነው፤ ፈትቶ ማስቀረት ያስፈልጋል። ኢንሹራንሱን ከማቋረጥ በፊት የመኪናዋን ምዝገባ ማሰረዝ ግድ ነው፤ ያለዚያ ቅጣት ይከተላል። ገንዘቡንም ቢሆን በባንክ መላክ ይሻላል። በእጁ ይዞ የሚሄድ ሰው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ከያዘ ከአሜሪካ ሲወጣ ማስመዝገብ አለበት፤ ማስመዝገቡ ግብር አያስከፍልም፣ አለማስመዝገቡ ግን ገንዘቡን ያስወርሳል። አዲስ አበባ ሲደርስ ለጥቂት ወራት በራይድ፣ በፈረስ፣ ወይም በዘመድ መኪና ተንቀሳቅሶ ከተማዋን እንደገና ይወቃት። የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ የሚገዛት መኪና ያለ ቦታዋ የገባች መኪና ናት።

ከግለሰቡ በላይ ግን የማኅበሩ ድርሻ አለ። በአትላንታ ያሉ የኮሚዩኒቲ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች በዓመት አንድ ቀን ለተመላሾች ቢመድቡ፣ ጭነው የተጠቀሙትም የከሰሩትም በአንድ መድረክ ተቀምጠው ደረሰኛቸውን ቢያሳዩ፣ ብዙ ቤት ከኪሳራ ይድናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ! የከሰረውን ሰው የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ተናግሮ ሌላውን ቢያድን ከሁሉ የበለጠ ምስጋና ይገባዋል። በዋሽንግተን ያለው ኤምባሲም ለሚመለሱ ዜጎች ምን እንደሚገባ፣ ምን እንደማይገባ፣ ስንት እንደሚከፈል ቀኑ በግልጽ የተጻፈበት አንድ ገጽ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች አዘጋጅቶ ቢያሰራጭና መመሪያ በተለወጠ ቁጥር ቢያድሰው ከባድ ሥራ አይሆንበትም። የዳያስፖራውን ዶላር በየዓመቱ የሚጠራ መንግሥት ይህን ያህል ሊመልስለት ይገባል።

እስከዚያው ድረስ የሚመለስ ሰው ጥያቄውን አሁን፣ መኪናዋ በሩ ላይ ቆማ ሳለች፣ ይጠይቅ። ወደብ ከደረሰች በኋላ የሚገኝ መልስ፣ መልስ ሳይሆን ወጪ ነው።